ከአክራ ይልቅ የራቀች ወልድያ
የክፍለ ሀገር ክለቦች ድንበር ስለ መሻገራቸው

የኮምቦልቻ ሰው ድንበር ምን እንደሆነ መጽሐፍ ሳያነብ ያውቃል። ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ከአዲስ አበባና ከደሴ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያው ከተማው ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ነዳጅና ሸቀጥ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ሻጯ ሁሉ ከባሕሩ ጋር ይተዋወቁ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። ድንበር ማለት በካርታ ላይ ያለ መስመር ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው እንጀራ መሆኑን ከተማው በአንድ ሰሞን ተረዳ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላ ዓይነት ድንበር መሻገር ነው። ከዋና ከተማ ርቆ ያለ የአንድ ክፍለ ሀገር ክለብ ከጎረቤት አገር፣ አልፎም ከአኅጉሩ ክለቦች ጋር የሚገጥምበት ውድድር ታሪክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ኳስ ወዳድ ከተሞች ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱ አንድም ክለብ አገሩን ወክሎ በአፍሪካ ክለቦች ውድድር ተሰልፎ አያውቅም። ድሬዳዋ ግን ይህን ካደረገች ስድሳ ዓመት አልፏታል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ዛሬስ አንድ የወሎ ክለብ ድንበር እንዳይሻገር የሚያግደው የትኛው ድንበር ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የክለቦች ሻምፒዮና ሲጀመር ድንበሩ ያለው አንድ ከተማ ውስጥ ነበር። በ1936 ዓ.ም. ጣሊያን ከተባረረ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ሳለ፣ አዲስ አበባ ላይ ኳስ የተጋጠሙት የየማኅበረሰቡ ቡድኖች ነበሩ። አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ የተባሉ ክለቦች ነበሯቸው። የእንግሊዝ ጦር ሰዎችም የራሳቸውን ቡድን አሰልፈዋል። ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ይዘው ቀረቡ። ትናንት በጦር ሜዳ የተፈላለጉ ሰዎች በአንድ የዳኛ ፊሽካ መተዳደራቸው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የየጠቅላይ ግዛቱን አሸናፊዎች ማገናኘት ጀመረ። የክፍለ ሀገር ክለብ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው የቀጠለውን ነው። ኮንፌዴሬሽኑ የአገሮችን ብቻ ሳይሆን የክለቦችንም ሻምፒዮና ማካሄድ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ውድድር ኢትዮጵያን ወክሎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው የአዲስ አበባ ክለብ አልነበረም።

ያ ክለብ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። ሕዝቡ ባጭሩ «ኮተን» ይለው ነበር። በጥር 1957 ዓ.ም. መጨረሻ አራት ክለቦች ለመጨረሻው ዙር አክራ፣ ጋና ላይ ተገናኙ። ከካሜሩን የዱዋላው ኦሪክስ፣ ከማሊ ስታድ ማልየን፣ የአስተናጋጇ አገር ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ ከኢትዮጵያም ኮተን ነበሩ። ዋንጫው በፕሬዝዳንት ክዋሜ ንክሩማ ስም የተሰየመ ነበር። ሪያል ሪፐብሊካንስም የንክሩማ መንግሥት የአፍሪካን አንድነት በኳስ ለማሳየት ከየክለቡ ምርጦችን ሰብስቦ ያቋቋመው ቡድን ነው። ኮተን በስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀረ፤ ፍጻሜውን ኦሪክስ 2 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነ። ከመንግሥት ከተማ ውጭ ያለ፣ የፈትልና የሽመና ሠራተኞች ክለብ ግን ከአፍሪካ አራት ክለቦች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህ ድንገተኛ ዕድል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የአገሪቱን ሻምፒዮና ያሸነፈው ኮተን ነው። በ1961 ያሸነፈውም የዚያው የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን ነበር። ከስድስት ዓመት ውስጥ አምስቱን ዋንጫ ሁለት ፋብሪካዎች ወደ አንድ ከተማ ወሰዱት ማለት ነው። ድሬዳዋን ለዚህ ያበቃት ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ የባቡሩን ነገር መርሳት አይገባም። ከተማዋ የጅቡቲ ባቡር የወለዳት ናት፤ ሐረሬው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩና ጣሊያኑ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ነበረች። ኳስም ከሸቀጡ ጋር መጥታለች።

ሁለተኛው ምክንያት ፋብሪካው ራሱ ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫውቶ ደመወዝ ማግኘት አይታሰብም። ፋብሪካ ግን ለጥሩ ተጫዋች የሥራ ቦታ ሊሰጥ ይችላል፤ የሥራ ፈረቃውን ከልምምድ ሰዓቱ ጋር ሊያስማማለት ይችላል። ክሊኒክ አለው፣ መኪና አለው፣ ሜዳ የሚሆን ግቢ አለው። በየሳምንቱ መጨረሻም ለመጮኽ የተዘጋጀ ብዙ ሠራተኛ አለው። ስለዚህ የክፍለ ሀገር ክለብ ከዋና ከተማው ጋር የሚወዳደርበት አቅም ያገኘው ከከንቲባው ቢሮ ሳይሆን ከማሽኑ ቤት ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለኛል። የፋብሪካ ማልያ የሰውየውን አገር አይጠይቅም። የ1954ቱ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ኳስን በአስመራ ተምሮ ለድሬዳዋው ኮተን ተጫወተ፤ በአዲስ አበባ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ተቀበለ። ሦስት ከተማ፣ አንድ ሰው። ይህን ስል ዘመኑን ለማሳመር አይደለም። ሉቻኖ ክልስ በመሆኑ ንቀት እንዳልቀረለት ራሱ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ተናግሯል። ቢሆንም የክለቡ በር ለእርሱ የተከፈተው በእግሩ ችሎታ ነበር።

ከኮተን በኋላ ተራው የአስመራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 የቴሌ ክለብ፣ በ1972 እና በ1973 አስመራ፣ በ1974 እምባሶይራ የኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች ነበሩ። እነዚህ ክለቦች ድንበር ሳይሻገሩ ድንበሩ እነርሱን ተሻገራቸው ማለት ይቻላል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና መዝገብ ውስጥ የውጭ አገር ከተማ ስም በድርብ ቀለም ተጽፎ ቀረ። ዛሬ አንድ ወጣት ያንን ዝርዝር ቢያይ አስመራ እዚያ ምን ትሠራለች ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከኳስ በላይ ይረዝማል።

በጥር 1967 ዓ.ም. መጨረሻ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በሙሉ ሲወረሱ የፋብሪካ ክለቦችም አብረው የመንግሥት ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻምፒዮን የሆኑት ክለቦች ስማቸው ራሱ ዘመኑን ይናገራል፦ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለው በዚህ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። እንደ ድሬዳዋው ሁሉ ፋብሪካው ከሠራተኛው ጋር የኳስ ቡድን ይዞ መጣ። መንገድ የወለደው ከተማ፣ ወደብ የሚያሳይ አስፋልት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከደጋና ከቆላ የተሰበሰበ ሕዝብ ሁሉ ነበረው። ለድሬዳዋ የተመቻት ነገር ሁሉ ለኮምቦልቻም የተመቸ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ጊዜው ሌላ ነው። ኮተን ሲነሣ ፋብሪካ በአገሪቱ ጥቂት ነበር፤ ጥሩ ተጫዋች የሚሄድበት በር የተቆጠረ ነው። የኮምቦልቻው ሲተከል ግን ጦሩ፣ ፖሊሱና የመንግሥት ድርጅቶቹ በአዲስ አበባ ጠንካራ ክለቦች አቋቁመዋል፤ የክፍለ ሀገር ልጅ ኳስ መቻሉ እንደታወቀ ወደዚያው ይወሰዳል። ወሎ ደግሞ በ1977 ረኀብ ሲገረፍ፣ ቆይቶም የጦርነቱ መተላለፊያ ሲሆን፣ የሰው ሐሳብ ኳስ ላይ እንዲውል አይጠበቅም። ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ አልተቋረጠም፤ ከዚያ ሜዳ ወደ አኅጉሩ የሚወስደው ጎዳና ግን ጠበበ።

በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር ሌላ ዓይነት የክፍለ ሀገር ክለብ ብቅ አለ። «ከነማ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እንደ ስም ብቻ እንጠራዋለን፤ ትርጉሙ ግን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ክለቡን የሚያኖረው የፋብሪካ ትርፍ መሆኑ ቀርቶ የከተማ አስተዳደር በጀትና የነዋሪው መዋጮ ሆነ። ከዚህ ወገን ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1996 ዓ.ም. የሐዋሳ ከነማ ነው፤ በ1999ም ደገመው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ፣ በ2013 የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆኑ። እነዚህ ሁሉ አሸንፈው ድንበር ተሻገሩ።

የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ሥርዐቱ ደርሶ መልስ ነው። አንዱን ጨዋታ በሜዳህ ታስተናግዳለህ፤ ሌላውን ተጋጣሚህ አገር ሄደህ ትጫወታለህ። ጎሉ ተደምሮ እኩል ከሆነ ከሜዳ ውጭ የተቆጠረው ይበልጣል። ጅማ አባ ጅፋር የጅቡቲውን ቴሌኮም ጥሎ ከካይሮው አል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም አልበቃውም። መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ክረምት ከኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ጋር ተጋጥሞ ውጭ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ መቀሌ ላይ 1 ለ 1 ወጣና ወደቀ። በዚያው ክረምት ፋሲል የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ዳሬ ሰላም ላይ 3 ለ 1 ተረታ። በ2014 መስከረም ደግሞ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ብቻ ወጣ። ባሕር ዳር ከነማም በ2015 ክረምት ያንኑ አዛምን በመለያ ምት ጥሎ አልፏል።

ከእነዚህ ውጤቶች አንድ ነገር እንረዳለን። የክፍለ ሀገር ክለቦቻችን በአፍሪካ ሜዳ የሚዋረዱ አልነበሩም፤ የሚወድቁት በአንድ ጎል ነው። የአንድ ጎል ልዩነት በሜዳና በልምድ፣ በአየር ትኬትና በዝግጅት ጊዜ ሊሞላ ይችላል። ጎንደር ለውድድሩ የሚመጥን ሜዳ ስላልነበራት ፋሲል እንግዳውን የተቀበለው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳርም ቆይቶ ከኮንፌዴሬሽኑ መስፈርት ስለወደቀ ብሔራዊ ቡድኑ እንኳ «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር የሚያደርግበት ዘመን መጣ። ይህ ገንዘብና ሲሚንቶ የሚፈታው ችግር ነው።

ሲሚንቶ የማይፈታው ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ ወልድያ 150 ኪሎ ሜትር አትሞላም። ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል አሙዲ ስም የተጠራ ስታዲየም ተመረቀላት። ክለቧም በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር። ከወሎ ምድር አንድ ክለብ ወደ አኅጉሩ ለመውጣት ከዚያ የተሻለ ዕድል አልታየም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. መቀሌ ከተማ ወደዚያ ሲመጣ ግን ጨዋታው ሳይካሄድ ረብሻ ተነሣ፤ ሱቅ ተቃጠለ፣ ንብረት ወደመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወልድያ ከሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ሌላው ከተማ ሄዶ መጫወት አስቸግሮት ጨዋታቸው በገለልተኛ ሜዳ የሚደረግበት ጊዜ መጣ።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውለው። በ2011 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄዶ ሊጫወት ይችላል፤ ፋሲልም ዳሬ ሰላም ሊወርድ ይችላል። ለዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን የተናነቁት ሁለቱ ክለቦች ከመጡባቸው ክልሎች ግን አንዱ ሌላው ከተማ ሄዶ መጫወት ያስቸገረበት ጊዜ ነበር። የአኅጉሩን ድንበር ለሚሻገር ክለብ የአገሩን የውስጥ መስመር መሻገር ከበደው። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ የሚባለው ይህ ነው።

የቀረውን ታሪክ የወሎ ሰው ያውቀዋል። በጥቅምት 2013 ጦርነት ሲጀመር የሊጉ ሻምፒዮን የነበረው መቀሌ 70 እንደርታ ከሌሎቹ የትግራይ ክለቦች ጋር ከውድድሩ ጠፋ። ፋሲል ከአል ሂላል ጋር በሚጫወትበት ሰሞን ጦርነቱ የአማራ ክልል ውስጥ ነበር። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦር ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መገባደጃም ቆዩ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም አልተረፈም። ክለብ የሚያቋቁም ፋብሪካ ማሽኑን ሲያጣ ኳሱን የሚጠይቅ አይኖርም።

«ጥፋቱን ኳስ ላይ ለምን ትለጥፋለህ? ኳስ የፖለቲካውን መልክ ያሳየ መስተዋት ነው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እውነቱን ነው፤ ወልድያ ላይ የተነሣው ጠብ ኳሷ የፈጠረችው አይደለም። ሆኖም መስተዋት ብቻ ናት ብሎ መተውም አያጠግብም። ክለብ ሰውን የሚሰበስብበት ስም ያስተምራል። ኮተን ደጋፊውን የሰበሰበው በሥራ ስም ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ክለቦች የሚሰበስቡት በወንዝ ስም ነው። በእርግጥ የፋብሪካ ክለብም የራሱ እንከን ነበረው። ደጋፊው ባለቤት አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ በጀቱን ሲያጥፍ ክለቡ ይጠፋል። በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን የድሬዳዋን ስም የያዘው ድሬዳዋ ከተማ እንጂ የአክራው ጀግና ኮተን አይደለም። የነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ሐሳብ ከፋብሪካው ይልቅ የተሻለ መሠረት ሊሆን ይችል ነበር፤ ነዋሪ የሚለው ቃል በከተማው የሚኖረውን ሁሉ የሚያጠቃልል ከሆነ።

ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ የሚያዋጡት ነገር አላቸው። ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚለያዩት 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊጉ እርስ በርስ ተጋጥመዋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ከልዩ ልዩ ወገን የመጣ ሰውን በአንድ ማልያ ማሰለፍ ለወሎ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎደለው ሜዳና በጀት መሆኑ አይካድም። ግን ሜዳና በጀት የነበራት ወልድያ የቀረችው በሌላ ነገር መሆኑን አይተናል።

በ2017 የውድድር ዘመን የትግራይ ሦስት ክለቦች፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመልሰዋል። ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። ከእንግዲህ የሚጠበቀው እነዚህ ክለቦች በዋና ከተማ ወይም በሌላ ሜዳ መጫወታቸው ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን በአውቶብስ ተሳፍረው አላማጣን፣ ቆቦን፣ ወልድያን አልፈው ደሴ መድረሳቸው ነው። የደሴ ልጆችም በዚያው መንገድ ወደ መቀሌ መውጣታቸው ነው።

ደርሶ መልስ የሚለው የኳስ ቃል ግማሹ መሄድ፣ ግማሹ መቀበል ነው። ኮተን አክራ ድረስ ሄዶ ተሸንፎ በሰላም ተመለሰ፤ በታሪክ ላይ ስሙን ያስጻፈለት ማሸነፉ ሳይሆን መድረሱ ነው። እንግዳ መቀበል ደግሞ ከመሄድ ይከብዳል፤ ተሸንፈህም ቢሆን እንግዳህን በደኅና መሸኘት አለብህና። የወሎ ክለብ ወደ አፍሪካ ሜዳ የሚወጣበት ቀን ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ የመጀመሪያው ጉዞ 150 ኪሎ ሜትር የማይሞላው ነው።